ወርቁ ያልለቀቀ ሰሃን

እኛ ቤት ከሁላችንም የተሻለ ኑሮ የሚኖረው ሰሃን ነው። እኔ፣ ባለቤቴ ሂሩትና የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ቤቴል ሲግናል አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ እንደምንም ተጠጋግተን እንኖራለን። ሰሃኖቹ ግን የሳሎኑን ግማሽ የያዘ፣ በሩ መስታወት የሆነ፣ ቁልፍ ያለው ቡፌ አላቸው። ፀሐይ አይነካቸውም፣ አቧራ አይደርስባቸውም፣ እንደ እኛ ጠዋት ጠዋት የታክሲ ሰልፍ አያውቁም። እንዲያው አንዳንድ ቀን ከሥራ ደክሞኝ ስገባ በመስታወቱ ውስጥ ተደርድረው ሲያዩኝ፣ የቤቱ ባለቤቶች እነሱ፣ ተከራዩ እኔ የሆንኩ ይመስለኛል።

ለማታውቋቸው ላስተዋውቅ። ነጭ ናቸው። መሀላቸው ላይ ሮዝ አበባ፣ ጠርዛቸው ላይ የወርቅ ቅብ። ዝርጉ አለ፣ ጎድጓዳው አለ፣ የሻይ ሲኒው ከነማስቀመጫው አለ፣ የሾርባ ማቅረቢያው ከነክዳኑ አለ። ሌላም ፊቱ የሾለ፣ ኋላው እጀታ ያለው፣ ጀልባ የሚመስል ነገር አለ። ለምን እንደተሠራ በቤታችን የሚያውቅ የለም። ሂሩት የአበባ ማስቀመጫ ነው ትላለች። ቤቴል ትንሽ ሳለች የአሻንጉሊት ገንዳ ነው ብላ ነበር፤ እስካሁን ከተሰነዘሩት ሐሳቦች ሁሉ እኔን ያሳመነኝ የሷ ነው።

እነዚህን ሰሃኖች የሰጡን የሂሩት እናት እማማ ተዋበች ናቸው፣ ለሠርጋችን። እማማ ተዋበች እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ጉልበት ሳላቸው ቀበና ውስጥ በአንድ የፈረንጅ ቤት ሰሃን አጣቢ ነበሩ፤ ሂሩትን ብቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ነው። በእቁብ ገንዘባቸው ይህንን ገዝተው፣ በካርቶን አሽገው፣ በሠርጋችን ማግስት አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና "ብሉበት" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሂሩት ይህንን እንደ ምርቃት ቆጠረችው፤ አሜን አለችና ቆለፈችበት።

ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት። የምንበላው በፕላስቲክ ሰሃን ነው። ሰሃኖቹ የሚወጡት እንግዳ ሲመጣ ነው ይባላል። ዳሩ ግን እንግዳ የሚባለውን ሰው ማግኘት ከባድ ሆነ። ጎረቤት ቢመጣ ጎረቤት ምን እንግዳ አለው። ሐሙስ ሐሙስ በየቤቱ እየዞርን የምንጸልይ ወገኖች ተራው የእኛ ሆኖ ሲመጡ፣ እነሱ ብዙ ናቸው፣ ይሰብሩታል። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር አንድ ጊዜ ቢመጡ፣ እሳቸው ደግሞ ሁለተኛ ላይመጡ ይችላሉ፣ ምን ያደርጋል። አንድ ቀን ፓስተራችን መጡ። በቃ፣ ዛሬ ተከፈተ አልኩ በልቤ። ሂሩት ፓስተሩን አየች፣ ቡፌውን አየች፣ እንደገና ፓስተሩን አየችና ወጥ ቤት ገብታ በጆሮዬ፣ ፓስተር እኮ የቤት ሰው ናቸው አለችኝ። ፓስተሩ በፕላስቲክ በሉ፣ ባርከውን ሄዱ።

አንድ ቀን አምርሬ ጠየቅኳት። ይህ ሰሃን የሚጠብቀው እንግዳ ማን ነው አልኳት። ሲመጣ ታየዋለህ አለች። ቀኑንም ሰዓቱንም የሚያውቅ የለም ማለት ነው ብዬ ተውኩት።

እውነቱን ለመናገር እንግዳ አንድ ብቻ ነበር፣ እሳቸው ራሳቸው እማማ ተዋበች። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢወርዱ ነው። እሳቸው ሲመጡ ቡፌው ይከፈታል፣ ሰሃኑ ይወጣል፣ ጠረጴዛው በሮዝ አበባና በወርቅ ያሸበርቃል። እማማም ጠረጴዛውን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ፈገግ ይላሉ። ዳሰስ የሚያደርጉት ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ስለነበረ ነው። ሲሄዱ ሰሃኑ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቆጥሮ ይመለሳል፣ እኛም ወደ ፕላስቲካችን። በሂሩት አልፈርድባትም። የእናት ላብ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። አይ፣ ልዋሽ አይገባኝም፤ እኔ ብሆን እበላበት ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሂሩት ለእህቶች ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ውኃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ስለነበረ የፕላስቲኩ ሰሃን ሁሉ ሳይታጠብ ተከምሯል። እኔ ደግሞ እንቁላል ጠብሻለሁ። መጥበሻውን በአንድ እጄ ይዤ ቤቱን ብዞር ንጹሕ ሰሃን የለም። ማለት፣ አለ። በመስታወቱ ውስጥ ተደርድሮ ያየኛል።

የቡፌው ቁልፍ ያለበትን የምታውቀው ሂሩት ብቻ እንደሆነች በቤታችን ይታመናል። እኔ ከስድስት ዓመት በፊት ነው ያገኘሁት፤ የክር ማስቀመጫው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቁልፉን አውቄ ሳልከፍት መኖሬ ምን ያህል ጨዋ ሰው እንደሆንኩ ያሳያል። በዚያ ቅዳሜ ጨዋነቴ አለቀ።

"ዳዲ፣ እሱ እኮ የጌስት ነው" አለች ቤቴል።

"ዛሬ እንግዳው እኔ ነኝ" አልኳት።

ወገኖቼ፣ እንቁላል በዚያ ሰሃን ላይ ሌላ ነገር ነው። ነጩ በነጩ ላይ፣ ቢጫው በሮዙ አበባ ላይ ቁጭ ሲል ያየሁት እንቁላል እኔ የጠበስኩት አልመስል አለኝ። ወገቤ በራሱ ጊዜ ቀና አለ። ዳቦውን በትንሽ በትንሹ ቆረስኩ። አፌን በመዳፌ መጥረግ አፍሬ ቤቴልን ሶፍት አስመጣኋት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስበላ እንደኖርኩ አሰብኩና ለራሴ አዘንኩ።

ከዚያ ማጠብ መጣ። ውኃ በሌለበት ቤት ሰሃን ማጠብ ማለት በግራ እጅ ጀሪካን ማዘንበል፣ በቀኝ እጅ ሳሙና የተቀባ ሰሃን መያዝ ማለት ነው። ጀሪካኑ ሞልቶ ነበር። ገና ዘንበል ሳደርገው ግልብጥ አለና ውኃው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ሰሃኑ ከእጄ ሾልኮ ገንዳው ውስጥ የነበረው ብረት ድስት ላይ አረፈ። ድምፁ ትንሽ ነበር። ልክ በሮዙ አበባ መሀል ለመሀል፣ ለሁለት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለእኔ ነው።

ሂሩት እስክትመለስ ሁለት ሰዓት አለኝ። መሳቢያ ውስጥ የጫማ ሶል ያጣበቅሁበት ሱፐር ግሉ ነበረኝ። ግማሾቹን አደራረቅኩ፣ ቀባሁ፣ ገጠምኩ፣ አጥብቄ ያዝኩ። ማሸጊያው ላይ አጥብቆ መያዝ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ታዛዥ ሰው ስለሆንኩ ለረጅም ጊዜ ያዝኩ። ልለቀው ስል ሰሃኑ አልለቀኝም። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ጠርዙ ላይ፣ ወርቁ ላይ ተጣብቀዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ተረቱን የተረተው ሰው ሱፐር ግሉ ስላላየ ነው እንጂ ሦስተኛ አድርጎ ይጨምረው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ምን በምን እንደሚሟሟ በየዓመቱ ለአሥራ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የሂሩት ፊት እንጂ ሌላ ትምህርት አልነበረም። ከፔርሙስ የቀረውን ሙቅ ውኃ ሞከርኩ፣ ዘይት ሞከርኩ፣ ቅቤ ሞከርኩ። ሰሃኑ ወዘናው አማረ እንጂ አልተላቀቀኝም። በመጨረሻ መፍትሔ ያመጣችው ቤቴል ናት። ምድር ቤት ያለችው የጸጉር ቤቷ ሜሮን የተጣበቀ ጥፍር ታስለቅቃለች፣ ሰሃንም አያቅታትም አለች።

ሰሃን እጄ ላይ አንጠልጥዬ በደረጃው ብወርድ ሰው ምን ይለኛል? ስለዚህ የሂሩትን ነጠላ አነሳሁና እጄንም ሰሃኑንም ሸፈንኩት። ይህ ትልቁ ስሕተቴ ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ጎልማሳ ሰው በነጠላ የተሸፈነ ሰሃን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ደረጃ ሲወርድ ከታየ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ሞቷል፣ ለለቅሶ ቤት እዝን ሊያደርስ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ዘውዴን አገኘኋቸው። እትዬ ዘውዴ የሕንፃችን እድር ዳኛ ናቸው፤ ከእሳቸው ቀድሞ የሞት ወሬ የሰማ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ነጠላውን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ማነው አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። አይ፣ ምንም አይደል እትዬ፣ ብዬ ተንተባትቤ አልፌያቸው ሮጥኩ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ በእትዬ ዘውዴ ልምድ ተንተባትቦ የሚሮጥ ሰው የቅርብ ቤተሰብ ነው።

ሜሮን ሳቋን ከጨረሰች በኋላ ጥጥ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነክራ ጣቴን ቀባ ቀባ አደረገችው። ወዲያው ለቀቀኝ። ምንድን ነው ይሄ ተአምር ብላት፣ አሴቶን ነዋ ጋሼ አለችኝ። አሴቶን። ባለፈው ሳምንት ለፈተና ያወጣሁት ጥያቄ ነበር፤ የሳቱትን ልጆች አሳፍሬያቸዋለሁ። እጄ ነፃ ወጣ ብዬ ደስ ሳይለኝ አሴቶኑ ወደ ስንጥቁ ወርዶ ሙጫውን አሟሟውና ሰሃኑ እዚያው ጭኔ ላይ እንደገና ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱን ግማሾች በነጠላው ጠቅልዬ ብብቴ ስር ሸጉጬ ተመለስኩ።

ቤቴ በር ላይ ስደርስ አራት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የእድሩ አግዳሚ ወንበር በሁለት ሰው ተይዞ ደረጃውን እየወጣ ነው። እትዬ ዘውዴ ፊት ለፊት ናቸው። ለካ ነገሩን አስልተውት ኖሯል፤ የሂሩት እናት ከሁለት ወር በፊት ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሆነዋል፣ ሴትዮዋ አርጅተዋል፣ እኔ ተንተባትቤያለሁ። የቀረው ድንኳኑ የት ይተከል የሚለው ብቻ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ሂሩት ከበስተኋላዬ ደረጃውን ወጥታ ደረሰች። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፣ ወንበሩን አየች። መጽሐፍ ቅዱሷ ከእጇ ወደቀ።

"እናቴ?" አለች።

እስካሁን ሳወራችሁ እየሳቅኩ ነው፤ ያንን ድምፅ ስሰማ ግን አልሳቅኩም። ማንም አልሞተም ብዬ ብጮህም አልሰማችኝም። ስልኬን አውጥቼ እንጦጦ ደወልኩ። እማማ ተዋበች አነሱ። ሂሩት የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አራቱም ሴቶች ነጠላቸውን ካዘቀዘቁ አይቀር አብረዋት አለቀሱ። እማማ በስልኩ ውስጥ፣ አለሁ እኮ፣ ምን ሆናችሁ ይላሉ። ሂሩትም በለቅሶዋ መሀል፣ በሚመጣው እሁድ ነይልኝ፣ ዓይንሽ ከተገለጠ ወዲህ ቤቴን አላየሽውም አለቻቸው። እማማ እሺ አሉ።

እትዬ ዘውዴ ግን የዋዛ ሴት አይደሉም። እንባቸውን ጠራርገው፣ ታዲያ ያ ሰሃን የማን ነበር አሉኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ብብቴ ስር ያለው ነገር እሳት ሆነብኝ። ለሜሮን እንቁላል ጠብሼ ወስጄላት ነው አልኩ።

ይህንን ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ሚስቱ ለጸሎት ስትወጣ ለጸጉር ቤቷ ልጅ እንቁላል ጠብሶ፣ በነጠላ ሸፍኖ የሚያደርስ ባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አግዳሚ ወንበሩን የተሸከሙት ሰዎች ሳይቀሩ ወንበሩን አስቀምጠው አዩኝ። ሂሩት ሳምንቱን ሙሉ ማታ ራት ስታቀርብ፣ ይኸ የሜሮንን እንቁላል አያክልም መቼስ እያለች ነበር የምታቀርብልኝ። ሰሃን ሰበርኩ ከማለት እሱን ችሎ ማደር ይሻላል ብዬ ዋጥኩት።

ግማሾቹን በጫማ ካርቶን አድርጌ ቁም ሳጥኑ ላይ ደበቅኩ። ሰኞ ከክፍል እንደወጣሁ አንዱን ግማሽ በጋዜጣ ጠቅልዬ ሾላ ገበያ ወረድኩ። ዕቃ ሻጩ ሰሃኑን ገለበጠ፣ ጠርዙን አየ፣ ይሄ ድሮ ነው፣ አሁን አይመጣም አለኝ። ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ ወንድሙን ልስጥህ አለና ከኋላ አንድ ሰሃን አወጣ። ነጭ ነው፣ ወርቅ አለው፣ አበባውም አለ። አበባው ግን ሰማያዊ ነው። ወንድሙ እንኳ አይደለም፣ ቢበዛ የእንጀራ ወንድሙ ቢሆን ነው። ገዛሁት። እቅዴ ቀላል ነበር፤ እሁድ እለት ሰማያዊውን እኔ ፊት አስቀምጣለሁ፣ እንጀራ አልብሰዋለሁ፣ ማንም አያይም።

ቅዳሜ፣ ሂሩት ሰሃኖቹን እንዳትቆጥር፣ እኔ ልጠብ ብዬ ተለመንኩ። አይደለም፣ ለመንኩ። ሂሩት ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ ትኩሳት እንደሌለኝ ስታረጋግጥ፣ ምን አጥፍተሃል አለችኝ። ምንም አልኳት። በትዳር ውስጥ አንድ ባል ሰሃን ልጠብ ሲል ወንጀል የሚሸት መሆኑ ያሳዝናል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አፍንጫዋ ትክክል ነበር።

እሁድ እማማ ተዋበች ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ነጭ ለብሰዋል፣ ከጓሯቸው የቀነጠሱትን ጎመን በፌስታል ይዘዋል። በር ላይ ቆመው ቤቱን ገና እንደተሠራ አድርገው አዩት። ግድግዳውን መቼ ነው ቢጫ የቀባችሁት አሉ። ከድሮም ቢጫ ነበር። ቤቴልን አገጯን ይዘው አዩአትና ኩልል ያለች የእናቴ መልክ ናት አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ ጊዜ አዩኝ።

"ጸጉርህስ ልጄ?" አሉ።

ጸጉሬ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። ማንም አልነገረኝም እኮ ብለው አዘኑ። በዚያች ሰዓት ነው እኔ የገባኝ። እነዚህ ዓይኖች አምስት ዓመት ያመለጣቸውን ራሰ በራ በአንድ ጊዜ ካዩ፣ ሰማያዊ አበባ አያመልጣቸውም።

ምሳ ቀረበ። ጠረጴዛው በሰሃኖቹ ተሸልሟል፣ ጀልባውም ባዶውን መሀል ላይ ቆሟል። ሂሩት ፊቷ በርቷል። አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይጫር፣ የእናቷን አደራ ለእናቷ ዓይን ልታሳይ ነው። እኔ እንደተቀመጥኩ፣ ጸሎት ሳይደረግ፣ እማማ ሳይቀርብላቸው፣ እንጀራ አንስቼ ሰሃኔ ላይ ዘረጋሁና ሦስት ጭልፋ ወጥ ከመርኩበት።  ሂሩት ከጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። እማማ፣ ተይው ርቦት ነው አሉ። አማች ፊት እንደ ጅብ መቆጠር ከባድ ነው፤ ከመያዝ ግን ይሻላል አልኩ።

እማማ አልበሉም። ባዶ ሰሃናቸውን በሁለት እጃቸው አነሱ። ወደ መስኮቱ ዞር አድርገው በብርሃን አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በወርቁ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው ዙሪያውን አስኬዱት።

"ሂሩቴ፣ ይህ ሰሃን እኔ ሳልመጣ ተበልቶበት ያውቃል?" አሉ።

"ካንቺ ሌላ ማንንም አላስነካሁትም እማዬ" አለች ሂሩት፣ በኩራት። "እንደሰጠሽኝ ነው። አንድም አልተሰበረም።"

እንቁላሉ ከሳምንት በኋላ ጉሮሮዬ ላይ መጣብኝ።

እማማ ሰሃኑን አስቀመጡት። "ወርቁ አልለቀቀም" አሉ። ሂሩት ምስጋና መስሏት ፈገግ አለች። እሳቸው ግን አላዩዋትም፣ እጃቸውን ነበር የሚያዩት። "የማዳም ሰሃን ልክ እንደዚህ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ እንቁላል ትበላበታለች፣ እኔ አጥባለሁ። ወርቁ በእነዚህ እጆቼ ነው ያለቀው። እያጠብኩ፣ የኔም ልጅ በዚህ ትበላለች እል ነበር፣ በዘወትር ቀን፣ እንዲሁ ሽሮዋን። ብሉበት ያልኳችሁ ለዚያ ነው። ስመጣ ጠረጴዛው ላይ እየዳሰስኩ፣ ይኸው ትበላበታለች እያልኩ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር።" ሰሃኑን ገፋ አደረጉት። "ሞራው ባይነሳልኝ ይሻለኝ ነበር።"

ሂሩት ቀና ማለት አልቻለችም። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ነገር ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ነው፣ እናቷ የፈለጉት ነገር ግን የለም።  

"ዳዲ በልቶበታል" አለች ቤቴል።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

"እንቁላል ነው የበላበት። ከዚያ ሰበረው።"

ተነሳሁ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ወንበር ላይ ወጥቼ የጫማውን ካርቶን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ፣ ሁለቱን ግማሾች እማማ ፊት አስቀመጥኩ። ስሕተቴን ከመጀመሪያው ተናገርኩ፤ ቁልፉን፣ ጀሪካኑን፣ ሙጫውን፣ እዝኑን። ሂሩት በመሀል፣ የሜሮን እንቁላል ይኼ ነው አለች። ነው አልኩ። እሷ ከዚያ በኋላ ያየችኝን አስተያየት ቁጣ ይሁን እፎይታ እስካሁን አልለየሁትም፤ ሁለቱም ነበረበት።

እማማ ግማሾቹን አንስተው ገጠሟቸው። የሮዙ አበባ ስንጥቅ ውስጥ የደረቀች ትንሽ ቢጫ ነገር ነበረች። በጥፍራቸው ነካ አደረጓትና መሳቅ ጀመሩ። አዲሶቹን ዓይኖቻቸውን በነጠላቸው እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ።

"ይኸው፣ አንዱ እንኳ ሰሃን ሆኖ ሞተ" አሉ።

ለካ የእነ እትዬ ዘውዴ ለቅሶ በከንቱ አልነበረም። ሂሩትም መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ከእናቷ ጋር ሳቀች፣ ከዚያ ተነስታ ለእናቷ፣ ለቤቴልና ለራሷ እንጀራ አነሳች፣ ወጥ ስትጨምር ጠርዙ ላይ ፈሰሰ፣ አልጠረገችውም። እማማ የእኔን እንጀራ ጫፉን ገለጥ አድርገው ሰማያዊውን አበባ አዩና፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ሰው ነው አሉ። ቤቴል ያን ጀልባ መሰሉን ነገር አንስታ ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ስጎ ማፍሰሻ ነው አሉ፣ ቀላል ነገር እንደተጠየቀ ሰው። ሂሩት ወዲያው ወስዳ ሽሮ ሞላችበት። ለሽሮ እንደዚያ የሚመች ነገር አላየሁም።

ይኸው ከዚያ እሁድ ጀምሮ በሮዝ አበባ ላይ ነው የምንበላው። ሐሙስ የሚመጡት ወገኖችም በእሱ ይበላሉ፣ አንድም አልሰበሩም። ፓስተሩ ሲያዩት ዛሬ ምን በዓል ነው ብለው ጠየቁ። ፕላስቲኮቹ ለባሕር ዛፍ ችግኝ ማፍያ እንጦጦ ወጡ። ቡፌው ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ግማሾች ብቻ ናቸው፤ በሩ አይቆለፍም። ሰሃን የማጠቡ ተራ የእኔ ሆኗል፣ በቅጣት መልክ፤ ወርቁም ጠርዙ ላይ ሳሳ ሳሳ ማለት ጀምሯል። ሲሳሳ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሂሩት ወደ ሥራ ልትሮጥ ስትል የሻይ ሲኒ ከእጇ አመለጣትና ተሰበረ።  ቤቴል ከመኝታ ቤቱ በር ብቅ አለች። ሂሩት ስብርባሪውን አየችና ስልኳን አንስታ እንጦጦ ደወለች።

"እማዬ፣ ሲኒ ሰበርኩ" አለች።

የእማማ ድምፅ ከባሕር ዛፉ ነፋስ ጋር መጣ። "ሻይ ስትጠጪበት?"

"አዎ።"

"በርቺ" አሉ እማማ። "ገና ብዙ ይቀርሻል።"